ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ቧንቧ ካልፈነዳበት በቀር ወደ እኔ የሚደውል ሰው የለም። የውሃ መሥሪያ ቤት የብልሽት ስልክ ተቀባይ ነኝ። ሦስት ሴቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁጣ እንቀበላለን። «ሳሎኔ ኩሬ ሆነ!» «ሦስት ቀን ሙሉ ጠብታ የለም!» «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አትሰሚም እኮ!» መስመሩ አሮጌ ስለሆነ ይህቺ የመጨረሻዋ በቀን ሃያ ጊዜ ትመጣለች። ያኔ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋና «አሁንስ?» እላለሁ። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ በኋላ የምናዘዘውን ጅልነት በልኩ እንድታዩልኝ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን አነሳሁና «የውሃ ብልሽት፣ ምን ልታዘዝ?» አልኩ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ይጮሃል። ጩኸቱ ግን የቁጣ አይደለም፤ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሚጣራ ይመስላል።

«ሚጣ ነሽ?»

አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። በዚህ ምድር ላይ ሚጣ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ከእሱም ጋር አሥራ አራት ዓመት ተዘጋግተናል።

«ምነው፣ ቧንቧ ፈነዳብህ?» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

«ጮክ በይልኝ፤ ጆሮዬ እየሄደ ነው» አለኝ ታላቅ ወንድሜ።

ወንድሜና እኔ ዘፋኞች ነበርን። ሰው «ታላቅና ታናሽ» ይለን ነበር፣ ፖስተራችንም ላይ የሚጻፈው እሱው ነው። አንድ ጊታር፣ ሁለት ድምፅ፣ ሌላ ኮተት የለንም። ትልልቅ አዳራሽ ገብተን አናውቅም፤ ሰው ወንበሩን ጎትቶ ቀረብ ብሎ የሚሰማን ዓይነት ነበርን። ሁለት አልበም አውጥተናል። እንደ ሌላው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን ቆጥረን ዘፈን ጀምረን አናውቅም። እኔ ትንፋሽ ስስብ ትከሻዬ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እሱ ያንን አይቶ ክሩን ይመታል። ሰው ሁሉ ይደነቅብን ነበር። አንድ አልጋ ላይ ራስጌና ግርጌ እየተኙ ላደጉ ልጆች ግን ብርቅ አይደለም።

አባታችን የቋንቋ መምህር ነበር። የቋንቋ መምህር ቤት ማደግ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ደብተራችንን ዘርግቶ አንድ ቃል ላይ ጣቱን ያሳርፍና «ጠብቆ ወይስ ላልቶ?» ይለናል። «ወረቀት ጆሮ የለውም» ይላል ደግሞ። «ሲጠብቅ ሌላ፣ ሲላላ ሌላ የሚሆን ቃል ብቻውን አይላክም። መንገድ የሚያሳየው ጓደኛ ከፊት ወይ ከኋላ ጨምሩለት።» ጊታር ስንጀምርም ቃሉን ይዘነው ሄድን፤ ክርም እንደ ፊደል ይጠብቃል፣ ይላላል። እኔ ወንድሜን «አጥብቀው እንጂ ጋሼ!»፣ እሱ እኔን «አንቺ አላላሽው!» ስንባባል የሚሰማን ሰው ሰዋስው የምናስተምር ይመስለው ነበር።

እናታችን ሰዋስው አታውቅም። ለእኔ የመደበችው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «አትሰሚም!» ተቀመጪ ስትለኝ ስሮጥ፣ ሩጪ ስትለኝ ስቀመጥ፣ «አንቺ ልጅ፣ አትሰሚም!» እንደ ሁለተኛ ስሜ ነበር።

ሦስተኛውን አልበም ስንጀምር እማዬ ታመመች። ጋሼ ደርሶ ተመለሰና «ሂጂና እያት፤ አላማረችኝም» አለኝ። «ቅዳሜ የምንዘፍንበት አለ አይደል? እሑድ እሄዳለሁ» አልኩት። «ቅዳሜን ብቻዬን እወጣዋለሁ፤ ሂጂ» አለኝ። አልሄድኩም። ቅዳሜ ዘፈንን፣ ተጨበጨበልን፤ እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ መርዶዋን ሰማሁ። ወንድሜ አንድም ቀን «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። እኔ ግን እስኪለኝ እጠብቅ ነበር። ጥፊ እንደሚገባው የሚያውቅ ሰው ጥፊው ሲዘገይበት ይብሰዋል።

በሦስተኛው ወር ወደ ስቱዲዮ ተመለስን። ጋሼ አዲስ ዘፈን ጽፎ መጣ፤ ልጇን የምትጠብቅ እናት ናት የምትናገረው። ሁለተኛው ስንኝ የኔ ነበር፦

በሩን አልዘጋሁት፣ ቁልፉ እዚያው አለ፤
ግቢ እንደ ፈለግሽ፣ ማንስ ከለከለ።

ስዘፍነው እንባዬ ቀደመኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ምሳ ሰዓት ደረሰና ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ሰው የለም። የግጥሙ ወረቀት ማይኩ ሥር ማስቀመጫው ላይ ነው፤ ከሁለተኛው ስንኝ አጠገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በወንድሜ ጅራታም ፊደል አንዲት ቃል ተጽፋለች።

«አትሰሚም!»

ቃለ አጋኖ ሳይቀር ነበራት። የጠበቅኩት ጥፊ መጣ አልኩ፤ ያውም በእማዬ ቃል፣ ያውም በእማዬ ዘፈን ላይ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ጃኬቴን ደረብኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ሲደውል አላነሳሁም። ቤቴ ሲመጣ አልከፈትኩም። በአክስታችን ልጅ በኩል «ከእሱ ጋር አብቅቻለሁ፤ ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል» ብዬ ላክሁ። አልበሙም ከነዘፈኖቹ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ያ ሰው ነው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የውሃ ብልሽት ብሎ የደወለው።

መሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ተቀጣጠርን። ቀድሞኝ መጥቶ ጥግ ይዟል። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ቅንድቡ ላይ ደግሞ የእንጨት ብናኝ ተሰግስጎበታል። ከእኔ በኋላ ዘፈን እርም ብሎ የዘመድ መጋዝ ቤት ገብቶ ኖሯል።

«ለምን ብቻህን አልዘፈንክም?» አልኩት።

«ምን ተብዬ? ‹ታላቅ› ተብዬ ብቻ? ታናሽ የሌለው ታላቅ የት አለ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

መጋዙ ግራ ጆሮውን ጨርሶ ገድሎታል፤ ቀኙም እየተከተለ ነው። ሐኪሙ «ዓመት ብታገኝ ጥሩ ነው» ብሎታል። «ሳትዘጋ» አለ ቀኝ ጆሮውን በአውራ ጣቱ እየነካ፣ «ከአንቺ ጋር አንድ አልበም ልስማ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

እንደ ዳኛ ተኮፍሼ ሁለት ነገር አስቀመጥኩ። አንደኛ፣ ስለ ድሮው ትንፍሽ እንዳትል። ሁለተኛ፣ ያንን የእማዬን ዘፈን አልነካውም።

«እሺ» አለ። ጋሼ «እሺ» ሲል ለጊዜው ነው።

ስቱዲዮው ያው የድሮው ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስፖንጅ ብቻ ቢጫ ሆኗል። ቀጂውም ያው የድሮው ሰውዬ ነው፤ «ጆሮ» እንለዋለን። ትንኝ ስታልፍ ሰምቶ ቀረጻ የሚያስቆም ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ማይኩ ፊት ቆምኩ። ጋሼ በጎኔ ዱካው ላይ ተቀመጠ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ትንፋሽ ሳብኩ። ክሩ ልክ በቦታው መጣ። አሥራ አራት ዓመት እንዳልነበረ ሆነ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ጆሮ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ አየሁት። እኔም ልቤ ሊከዳኝ ነበር፣ ግን እልኬ አይሎ ፊቴን አዞርኩ።

ዘጠኝ ዘፈን በዘጠኝ ቀን ሠራን። ስንዘፍን አንድ ሰው ነን፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እኔ ማዳመጫዬን አውልቄ ስልኬን እጎረጉራለሁ። እሱ ወንበሩን በቀኝ ጆሮው በኩል ወደ እኔ ያዞርና ስለ ልጆቹ፣ ስለ አባባ መጻሕፍት፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ያነሳል። «እ» እለዋለሁ። «ይሆናል» እለዋለሁ። በተረፈችው ጆሮው የኔን ወሬ ሊሰንቅባት ሲለምነኝ እኔ ዝምታ ቋጠርኩለት። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

በየቀኑ ስንወጣ ያንን ዘፈን ያነሳል። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ዚፑን ሳይዘጋ ቆመ።

«ሚጣዬ፣ አንዴ ብቻ። ሳይቀዳ። ለዚህች ለጆሮዬ።»

«ነገ» አልኩት። እሑድ ብዬ ያደረግኩትን የማላውቅ ይመስል፣ ነገ አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ የስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ፀሐዩን እየሞቀ ጊታሩን ታቅፎ ተቀምጧል። «እንዴት አደርክ?» አልኩት። ፈገግ አለ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። ያው ፈገግታ ነው። ከኪሱ የልጁን ደብተርና እርሳስ አወጣና ዘረጋልኝ።

«ጻፊልኝ» አለ። ድምፁ መንገድ የሚሻገሩትን ሰዎች አስዞረ። «ዛሬ ስነቃ ጭጭ ብሏል። ሐኪሙ ዓመት ያለው እኔን ለማጽናናት ነው መሰለኝ። ሚስቴ ስታወራ አፏ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ‹ሃያ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው› ብላት አለቀሰች።»

እርሳሱን ተቀበልኩት። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብዬ ጻፍኩ። «ከዚያ ነው የመጣሁት» አለ። «አልቋል አሉኝ። ነይ እንግባ፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንቺ የምትደግሚው ስንኝ አለ።»

ገባን። ለእሱ ስንል ያን ቀን ሁላችንም ጸሐፊ ሆንን። ጆሮም ነገሩን ሲሰማ የሚናገረውን ሁሉ በትልልቁ እየጻፈ መስታወቱ ላይ ይደግፍልን ጀመር። «ዝግጁ።» «ቀጥሉ።» «እንደገና።» ጋሼ አጠገቤ ዱካው ላይ ተቀምጦ አፌን ያያል። ልዘፍን ሞከርኩ፤ ድምፄ ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። እንደገና ሞከርኩ። ቀና ስል ጆሮ አዲስ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፏል።

«አትሰሚም»

ደሜ ፈላ። ማዳመጫውን ወርውሬ በሩን በርግጄ ወደ እሱ ክፍል ገባሁ። «አንተም? ዛሬ? አንተም ይህንኑ ትለኛለህ?»

ሰውዬው እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ኧረ እህቴ፣ ምን አጠፋሁ? ድምፅሽ አይሰማም! ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»



«ወንድምሽም ያኔ እንደዚሁ ነው የጻፈልሽ» አለ ጆሮ፣ ነገሩ ተራ እንደሆነ ሁሉ። «ከዚህ ክፍል ወደ እናንተ የምንነጋገርበት ሽቦ ተበጥሶ ነበር፣ አስታወስሽ? ድምፅሽ በለቅሶ ሰልሎ አልሰማ ሲለን በቀይ ጽፎ አኖረልሽ። ከዚያ መጥቶ እዚህ፣ እዚህ ቁልፍ ላይ እጄን ይዞ የራሱን ጊታር አስወረደኝ። ‹ቀንሰኝ፤ ይሄ የሷ ቦታ ነው፤ እሷ ነች መሰማት ያለባት› አለኝ። አንቺ አልተመለሽም እንጂ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አትሰሚም። ጠበቅ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ድምፅሽ አይደርስም፣ ትንሽ ጮክ በይ ነው። ላላ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ምክር የማትሰሚ፣ እናትሽን ሳታዪ የቀረሽ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ፣ ለአሥራ አራት ዓመት፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ቃሏን አጥብቆ ጆሮዬ ውስጥ ሲጨምራት፣ እኔም «አሁንስ?» እያልኩ ማይክ ሳስጠጋ፣ አንድም ቀን ከዚያ ወረቀት ጋር አላገናኘኋትም። የቋንቋ መምህር ልጅ! እንዴት እንደሆነ ላለማወቅ ብዙ ጣርኩ፣ ግን አውቀዋለሁ። ላልታ እንድትነበብ ስለፈለግኩ ነው። የሚቀጣኝ ሰው ጠፍቶ ወንድሜን ሾምኩት፤ እሱ ደግሞ ሹመቱን ሳያውቅ መጋዝ ቤት ገብቶ ጆሮውን ጨረሰ።

ተመለስኩ። ጋሼ ምን እንደተፈጠረ በዓይኑ ይጠይቀኛል። ፊቱ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ጮክ አልኩ፤ «ጋሼ ይቅር በለኝ!» አልኩ፤ ደግሜ ጮህኩ። ክፍሉ ድምፅ የማያስወጣ ነው፤ ስፖንጁ ጩኸቴን ዋጠው። እሱ አፌን እያየ አንገቱን ነቀነቀና ደብተሩን ሰጠኝ።

«ያን ቀን አትሰሚም ብለህ የጻፍክልኝን ላልቶ ነው ያነበብኩት» ብዬ ጻፍኩ። «በእማዬ ምክንያት መስሎኝ ነው።»

አነበበው። ጣቱን ቃሏ ላይ አሳርፎ ደግሞ አነበበው፤ ልክ እንደ አባባ።

«ላልቶ?» አለ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

መጀመሪያ ሳቀ። «የአባባ ልጅ ሆነሽ!» ብሎ ጭኑን መታ። «ወረቀት ጆሮ የለውም ሲለን… እኔም ጅል፣ ብቻዋን ላክኋት!» ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ሲርገበገብ አየሁ። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እማዬ ስትቀበር እንኳ እኔን ነበር የያዘው።

«እኔ ደግሞ» አለ ቆይቶ፣ በዚያ ልኩን ባጣ ድምፁ፣ «ጊታሬ ሸፍኖብሽ ተቀይመሽኝ ነው እል ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ፣ ምነው ትንሽ ቀነስ አድርጌ በተጫወትኩ እያልኩ።»

ደብተሩን ወሰድኩና «ዘፈኗን እንሥራት» ብዬ ጻፍኩ። 

«አሁን?» አለ። «አሁን ለማን ብለሽ?»

ተነስቼ ማይኩ ፊት ቆምኩ።

ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተካከለ። ሊቃኘው ጣቱን ወደ ቁልፉ ላከና በመሃል ተወው፤ ምን ሰምቶ ይቃኘዋል? ቀና ብሎ ትከሻዬን አየ። ትንፋሽ ሳብኩ። ክሩን መታ፤ ልክ በቦታው፣ ቅንጣት ሳይዘገይ።

ሦስተኛው ክር ግን ላልቶ ነበር። ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ መሰለኝ፣ ድምፁ ወርዷል። ጆሮ ከመስታወቱ ወዲያ ሊያስቆመን እጁን አነሳ፤ በዓይኔ ተወው አልኩት። እንዴት ብዬ ልንገረው? ክርህ ላልቷል ብዬ ልጻፍለት? የጊታሩ ድምፅ በወረደበት እኔም ድምፄን አወረድኩ። በሄደበት ሄድኩለት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ የራሱን ምት ቀነሰ፤ ምንም ሳይሰማ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በጆሮ እጅ ያስወረደውን አሁን በገዛ ጣቱ አወረደው። በሩን አልዘጋሁት። ቁልፉ እዚያው አለ። ድምፄ ወጣ፤ ከየት እንደወጣ አላውቅም፣ ግን ወጣ። አልበሙ ከወጣ በኋላ «አሥረኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ወርዷል» እያሉ የሚተቹ ሰዎች አሉ። ትክክል ናቸው።

ሲያልቅ ጆሮ የቀዳውን አጫወተልን። እኔና እሱ ስንሰማ፣ ጋሼ መሃላችን ቆሞ አንዴ የኔን አንዴ የጆሮን ፊት ያያል። ደብዳቤ እስኪነበብለት እንደሚጠብቅ ፊደል የማያውቅ ሽማግሌ ነበር የሚያየን። ሁለተኛው ስንኝ መድረሱን ከእንባዬ አወቀ መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«ሚጣ ትሰማለች?» አለ ጮክ ብሎ፤ አጥብቆ፣ አባባ እንዳስተማረን። «ጊታሩ አልሸፈናትም? ይሰማል?»

ደብተሩን ተቀበልኩት። ጓደኛ የሌላት አንዲት ቃል ጻፍኩለት።

«ይሰማል።»

አነበበና ረካ። ጠብቆ እንደሚያነበው አውቃለሁ። እኔ የጻፍኩት ላልቶ ነበር።